የገመና አደባባይ

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ስሙን ብጠራው «እኛን ነው የነካው» የሚል አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ ለጠብ የሚሆን ጉልበት የለኝም። ከገደሉ ማዶ፣ ውሃው ጣፋጭ፣ ሰዉ ወሬ ወዳድ የሆነ አንድ አገር ነበር ልበላችሁና እንለፍ።

የዚያ አገር ሰው ከእህልም ከውሃም አብልጦ የሚወደው ሲተረክለት ነው። በከተማው መካከል ሰፊ አደባባይ አለ፤ በአደባባዩ ወገብ ላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ። ገበያ በዋለ ቁጥር ተራኪ ድንጋዩ ላይ ይወጣል፣ ሰዉ ዙሪያውን ይቀመጣል። በድሮው ዘመን ተራኪው ያሻውን ያወራ ነበር። አንዱ ስለ ጅብ፣ አንዱ ሁለት ሚስት ስላገባ ዳኛ፣ ሌላው ደርሶበት ስለማያውቀው ባሕር። «አንተ ባሕር የት ታውቃለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ባሕሩ ካረጠባቸው ይቀመጣሉ፤ ካላረጠባቸው ተነሥተው ጨዋቸውን ሊገዙ ይሄዳሉ። ፍርዱ ይኸው ነበር።

ኋላ ግን ሊቀ ገመና የሚባል ሹመት መጣ። ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ የለም፤ ሹመት መቼም እንደ አረም ነው፣ ማን እንደዘራው ሳይታወቅ ማሳውን ሞልቶ ይገኛል። በዚህ ታሪክ ጊዜ ሹመቱን የያዙት ሊቀ ገመና ዘውገ ነበሩ፤ ወፍራም፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ሰው ሲያለቅስ ባዩ ቁጥር ጣፋጭ ነገር እንደቀመሰ ሰው ራሳቸውን ቀስ አድርገው የሚነቀንቁ። ሥርዓታቸውም እንዲህ ይል ነበር፦ ስሙ ያልተሰማ አዲስ ተራኪ ድንጋዩ ላይ የሚወጣው የራሱን ቤት ገመና ይዞ ከመጣ ብቻ ነው። ጅብም፣ ባሕርም፣ ነገሥታትም ስም ላወጡ ሽማግሌ ተራኪዎች የተተዉ ናቸው።

«ወጣት ከራሱ ሕመም በቀር ምን ያውቃል?» ይሉ ነበር ሊቀ ገመና።

ሽማግሌዎቹ በወጣትነታቸው አንድም ቀን ገመናቸውን አውጥተው አያውቁም፤ ጅባቸውን ይዘው ነው የገቡት። ይህን ግን የሚያነሣባቸው አልነበረም።

ሊቀ ገመና ብቻቸውን አይሠሩም። ዐይን አያዥ የሚባል ሹም አላቸው። ዐይን አያዡ ነጭ ጭራ ይዞ በተቀመጠው ሰው መካከል እየተዘዋወረ የሰዉን ዐይን ያያል። ዐይኖች ከረጠቡ ጭራውን ከፍ ያደርጋል፤ ተራኪው ይቀጥላል። ሰው ከሳቀ ጭራው ይወርዳል፤ ተራኪውም አብሮ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ትንኝ ዐይኗ ውስጥ የገባባት ሴትዮ ብታለቅስ፣ አንድ የማይረባ ተራኪ በእሷ ምክንያት በጋውን ሙሉ ድንጋዩ ላይ ከረመ ይባላል። ኧረ ስንቱን ላውራ!

እንግዲህ በዚያ ዘመን ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ከከተማው ራቅ ባለ መንደር ከእናቷ ከጌጤና ከአባቷ ከጓንጉል ጋር ትኖራለች። እግዜር አፍ ሰጥቷት የተወለደች ልጅ ናት። ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁ ለሴቶቹ የምታወራላቸው አንድ ታሪክ ነበራት፤ እሷው የፈጠረችው። ሁለት መንደሮች በግጦሽ መሬት ይጣላሉ፤ ሰው ሁሉ ያዳላል ብለው በሬ ዳኛ አድርገው ይሾማሉ። ከዚያ ወዲያ በሬው ፊት ጠበቃ ማቆም፣ በጓሮ ድርቆሽ መማለጃ ማግባት፣ በሬው ሲያገሣ «እንዲህ ማለቱ ነው»፣ «የለም፣ እንዲያ ማለቱ ነው» እየተባባሉ ፍርዱን መተርጎም። ሴቶቹ እየሳቁ እህላቸውን ይደፉ ነበር። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን አንዷ አንዷን ታያለች፤ ነገሩ የራሳቸው መንደር መሆኑ ያኔ ይገባቸዋል።

«ይህንን እኮ አገር ሊሰማው ይገባል» አሏት። እሷም ልቧ ተነሣ። የክት ልብሷን ለብሳ ወደ ከተማ ወረደች።

በር ላይ የቆመው አጋፋሪ ሊቀ ገመና ፊት አቀረባት።

«ምን ይዘሽ መጣሽ ልጄ?» አሏት።

«ታሪክ ይዣለሁ ጌታዬ።»

«የማንን?»

«በሬ ዳኛ ያደረጉ የሁለት መንደሮችን።»

«አንቺ የትኛው መንደር ነሽ?»

«ከሁለቱም አይደለሁም። የፈጠርኩት ነው።»

«በሬውስ? የአባትሽ ነው?»

«በሬውም የለም ጌታዬ።»

ሊቀ ገመና አጋፋሪውን አዩት። አጋፋሪው ጣሪያውን አየ።

«የሌለ በሬ ማንን ያስለቅሳል?» አሉ በዚያ በለስላሳው ድምፃቸው። «ግድ የለም፤ እኔ እረዳሻለሁ። አባትሽ ይመታሻል?»

«ኧረ እሱ ዶሮ እንኳ አይመታም።»

«እናትሽስ?»

«አንዳንዴ ትቆጣኛለች።»

ሊቀ ገመና ወደ ፊት ሳብ አሉ። «እንዴት አድርጋ?»

«ሥራ ስፈታ ነዋ።»

ወደ ኋላቸው ተመለሱ። «ባልሽ ጥሎሻል?»

«ባል የለኝም።»

«የለሽም!» አሁንም ሳብ አሉ። «ማን ከለከለሽ?»

«ማንም። ገና አልፈለግሁም።»

«ታመሽ ታውቂያለሽ?»

«ጉንፋን።»

«የሞተብሽ ሰው?»

«አያቴ። እሷም ዕድሜ ጠግባ፣ ሁላችንንም መርቃ ነው የሞተችው።»

«ይኼማ በረከት ነው!» አሉ ተቆጥተው። «በበረከት ማንን ልታስለቅሺ ነው? ስሚ ልጄ፣ ገመና የሌለው ቤት አላየሁም። ሂጂና ፈልገሽ ነይ። ስትደፍሪ በሩ ክፍት ነው።»

ልብ በሉ፣ «ስትደፍሪ» ነው ያሏት። በዚያ አገር ገመናውን የሚያወጣ ደፋር ይባላል፤ የማያወጣ ፈሪ። አባቶቻችን ሆድ ይፍጀው ብለው የኖሩት ሁሉ፣ በሊቀ ገመና ሚዛን፣ ፈሪ ሆነው ሞቱ ማለት ነው።

ትርንጎ ስትወጣ ዳምጤን በር ላይ አገኘችው። ዳምጤ በዚያ ወቅት ስሙ የገነነ ተራኪ ነው፤ ለተራኪዎች ቤት አባላት የሚሰጠውን ባለ ጥለት ሸማ ለብሷል። ፊቷን አይቶ የሆነውን ሁሉ አወቀ።

«እኔም ስመጣ የንቦች ታሪክ ነበር የያዝኩት» አላት። «አትጨነቂ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ገመና ትሰጫቸዋለሽ፣ ስም ታወጫለሽ፣ ከዚያ በሬሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ።»

«አንተ ንቦችህን ይዘህ ገባህ?»

«ገና ነው» አለ ዳምጤ፣ ሸማውን እያስተካከለ።

ዳምጤ መጀመሪያ ያወራው ስለ ራሱ ሕመም ነበር። ሕመሙ ሲያልቅ ስለ ወንድሙ ስካር አወራ። ስካሩ ሲያልቅ ስለ ሚስቱ አወራ። ሚስቱ ጥላው ስትሄድ፣ በሚቀጥለው ገበያ ጥላው መሄዷን አወራ፤ ያን ቀን ጭራው ከወጣበት አልወረደም። አሁን አሁን ገበያ ሲቃረብ ከጎረቤት ጋር ጠብ ሲፈልግ ይታያል ይባላል። ምን ያድርግ? ሰው የሌለውን ከየት ያምጣ?

ትርንጎ በሬዋን ይዛ ተመለሰች፤ መልሰው ሰደዷት። ደግማ ሄደች፤ ደግመው ሰደዷት። እየተመላለሰች ሌሎቹ ሲያወሩ ትሰማለች። አንዱ ጎረምሳ እናቱ የሞተችበትን ቀን እያወራ ድምፁ ሲታነቅ፣ ዐይን አያዡ «ጮክ በል፣ ከኋላ አልተሰማም» ሲለው በጆሮዋ ሰምታለች። በዚያ ድንጋይ ላይ በሬዋን ይዛ የምትቆምበትን ቀን ስታስብ ግን ይህን ሁሉ ትረሳለች። አገር ሊሰማኝ ይገባል የሚል ሐሳብ አንዴ ሰው ልብ ውስጥ ከገባ ወዲያ፣ አያስተኛም።

ደግሞም ሊቀ ገመና እውነታቸውን ነበር፤ ገመና የሌለው ቤት የለም። የእነትርንጎም ቤት ነበረው።

የትርንጎ የወተት ጥርስ ሳይወልቅ፣ እናቷ ጌጤ አንድ ቀን ከቤት ወጥታ ሁለት ክረምት ሳትመለስ ቀርታ ነበር። ጓንጉል ለጠየቀው ሁሉ «ጸበል ሄዳለች» ይላል። ወጡን ራሱ ይሠራል፣ የልጁን ፀጉር ራሱ ይጎነጉናል፤ ጉንጉኑም ልክ እንደ ወጡ መላ የለውም። መንደርተኛው ግን ሲያልፍ ሲያገድም የጨው ነጋዴ ስም ያነሣል፤ ልጅም ይሰማል። ከዚያ አንድ ዝናባማ ቀን ጌጤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና በሩ ላይ ቆመች። ጓንጉል ተነሣ። አንድ ቃል አልተናገረም። ጓዟን ከትከሻዋ አወረደ፣ ውሃ አሞቀ፣ ጎንበስ ብሎ እግሯን አጠበ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ስለዚያ ነገር የተነፈሰ የለም። ነገሩም በዝምታው ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ኖረ።

ትርንጎ ይህንን ይዛ ሄደች።

አጋፋሪው ሮጦ ነው ያስገባት። ድንጋዩ ላይ ወጥታ አወራች፤ ጨዋታዋ ያማረ ስለሆነ ምንም አላጎደለችም፤ የጨው ነጋዴውን፣ ጠማማውን ጉንጉን፣ ጭቃውን፣ የሞቀውን ውሃ። አባቷ የሚያጎነብስበት ላይ ስትደርስ ጨርቅ ሻጩም፣ ሸክላ ሻጯም ያለቅሱ ነበር። ጭራው እስከ ላይ ወጣ። ሊቀ ገመና ከወንበራቸው ተነሡ፤ ለማንም ተነሥተው አያውቁም። በዚያው ዕለት ባለ ጥለቱን ሸማ አለበሷት። ትርንጎ በደስታ አበደች። በሸማው ግብዣ ሁለት ቀን ከተማ ሰንብታ፣ «በሚቀጥለው ገበያ በሬዬን» እያለች ወደ ቤቷ ወጣች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ወሬ ግን ፈጣን ነው፣ ትርንጎን ቀድሟት ደርሷል። ሴቶቹ ተራ በተራ ወደ ጌጤ ቤት ሲገቡ ሰነበቱ። አንዳቸውም ሊሰድቧት አልመጡም፤ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ሊያጽናኗት ነው የመጡት። «አይዞሽ፣ ሁላችንም ሴቶች ነን» ይላሉ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እግሯን ያያሉ። ጓንጉልንም ወንዶቹ ማኅበር ላይ «እግር አጣቢው መጣ፣ ቦታ ልቀቁ» አሉት። ግማሾቹ ለክብሩ ነው ያሉት፤ ግማሾቹ ግን ለመሳለቅ። ጓንጉል ጠላውን ሳይጨርስ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ማኅበር አልሄደም።

ትርንጎ ስትገባ እናቷ ምስር ትለቅማለች።

«መጣሽ? እጅሽን ታጠቢና ብዪ» አለቻት።

ትርንጎ አልበላችም። «እማዬ፣ አዘንሽብኝ?»

ጌጤ ጠጠር አውጥታ ጣለች። «አባትሽ ያን ቀን ‘የት ነበርሽ’ አላለኝም። እስከ ዛሬም አላለኝም። እኔ በዚያ ዝምታው ውስጥ ነው ቤት ሠርቼ የኖርኩት። አሁን አገሩ በሙሉ ‘የት ነበርሽ’ ይለኛል።»

«በክፉ አላነሣሁሽም እኮ። ሰዉ ሁሉ ነው ያለቀሰልሽ!»

«አውቃለሁ። እየመጡ ነገሩኝ።»

ትርንጎ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። «የጨው ነጋዴው ነገር… ተሳስቻለሁ እንዴ?»

ያኔ ነው ጌጤ ቀና ብላ ያየቻት። «ለምን እንደሄድኩ፣ ለምን እንደተመለስኩ የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ልነግርሽ አስቤ ነበር። ስትወልጂ፣ ወይም ኑሮ ሲከፋሽ፣ ‘እናቴም እንዲህ ሆና ነበር’ እንድትዪ። አሁን ግን አልነግርሽም።»

«ለምን እማዬ?»

«ትናገሪዋለሻ።»

ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ትርንጎን የቆረጣትም ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ገበያ ሊቀ ገመና ትርንጎን በር ላይ ተቀበሏት። «እናትሽ ምን አለች?» ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው። «አለቀሰች? ረገመችሽ? ሕዝቡ ይህንን ነው የሚጠብቀው።»

«ዛሬ በሬዬን ነው የማወራው ጌታዬ። ገመና ካወጣሁ በኋላ ይፈቀድልኛል ተብያለሁ።»

«ይፈቀዳል፣ ይፈቀዳል። በሬሽ ግን የት ይሄዳል? ይቆይ። የእናትሽ ነገር ነው ሳይበርድ የሚበላው።»

ትርንጎ አልፋቸው ድንጋዩ ላይ ወጣች። «ሁለት መንደሮች ነበሩ» ብላ ጀመረች።

መጀመሪያ ሰዉ የእናቷ መንደር መስሎት ጸጥ አለ። በሬው ሲመጣ ግን ማጉረምረም ተነሣ። በሬው ዳኛ ሆኖ ካባ ሲያለብሱት ከኋላ ያሉት ሳቁ፤ ጭራው ወረደ። «እናትሽስ?» አለ አንዱ። «እግሯን ካጠባት በኋላስ?» አለች ሌላዋ። ትርንጎ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቀጠለች። ሊቀ ገመና በመጨረሻ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ሕዝቡ የእናትሽን ይፈልጋል። አትሰስቺ።»

«የእናቴ ነገር የእናቴ ነው» አለች ትርንጎ። «የእኔ ያልሆነውን አንሥቼ ሰጠኋችሁ፤ እናንተም የእኔ መሆኑን ሳትጠይቁ በላችሁት። ከእንግዲህ የለም።» ከዚያ ዞር ብላ አየቻቸው። «እርስዎስ ጌታዬ? በእርስዎ ቤት ምን አለ?»

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ወደ ሊቀ ገመና አዞረ።

«እኔ?» አሉ ሊቀ ገመና፣ ከልባቸው ተገርመው። «እኔ ሹም ነኝ። ሹም ገመና የለውም።»

ከጥግ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ሌላው ተከተለው፤ ወዲያው አደባባዩ በሳቅ ተናጋ። ምስኪኑ ዐይን አያዥ ጨነቀው። ሰዉ ሲስቅ ጭራው መውረድ አለበት፤ ጭራው ሲወርድ ተናጋሪው መውረድ አለበት፤ ተናጋሪው ደግሞ አለቃው ናቸው። ጭራውን ግማሽ ላይ ይዞ ደርቆ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ አዝናለሁ። ሸማዋን ገፈው ከአደባባዩ አስወጧት። በሚቀጥለው ገበያ ዳምጤ ወጣና፣ እንደ እህቱ የሚያያት ተራኪ የሚያከብራቸውን ሊቀ ገመናን በአደባባይ ስታዋርድ ልቡ እንዴት እንደተሰበረ አወራ። ሰዉ አለቀሰ። ጭራው ወጣ። እኔ እንግዲህ ምን ልበል! ንቦቹን እስከ ዛሬ የሰማ ሰው የለም።

ትርንጎ መንደሯ ቀረች። በሬዋን ወፍጮ ቤትም፣ አውድማ ላይም፣ ሠርግ ቤትም ታወራለች፤ የሚስቅላት አላጣችም። ከእናቷም ጋር ክፉ አልሆኑም። ጌጤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በግዋ ምጥ፣ ስለ ጎረቤት ሙግት ሁሉ ታጫውታታለች። የድሮ ዘመን ሲነሣ ብቻ ወሬው መንገድ ይቀይራል፤ የቀየረው ሰው ሳይታወቅ።

ከጊዜ በኋላ ጓንጉል ታሞ ከረመ። ትኩሳቱ ለቀቀውና ዝናብ ያባራበት አንድ ከሰዓት በኋላ መደቡ ላይ ደገፍ ብሎ ተቀመጠ። ጌጤ አጥሚት ታጠጣዋለች፤ ትርንጎ ምድጃው ጋ ሽንኩርት ትልጣለች። ጓንጉል ደጅ ደጁን ሲያይ ቆየና፣ «ያን ጊዜ፣ ያን ክረምት…» አለ።

የጌጤ እጅ ቆመ። ሁለቱም ወደ ትርንጎ አዩ። ክፉ አስተያየት አልነበረም፤ ሰው ይዘንብ ይሆን ብሎ ሰማዩን ቀና ብሎ እንደሚያይ ነው ያዩአት። ጓንጉል አፉን መልሶ ዘጋ።

ትርንጎ ቢላዋውን አስቀመጠችና ተነሣች። «ውሃ ቀድቼ ልምጣ» አለች።

እንስራው ሙሉ ነበር። ጌጤ እንስራውን አየችው፣ ልጇንም አየቻት። «መንገዱ ያዳልጣል» አለቻት ቀስ ብላ። «ሳትቸኩዪ ሂጂ።»

ትርንጎ የሞላውን እንስራ አዝላ ወጣች። አጥሩ ጋ ስትደርስ የአባቷ ዝግ ያለ ድምፅ ከኋላዋ ተሰማ፤ ቀጥሎ እናቷ ሳቀች፤ ልጅ ሆና እንኳ ሰምታው የማታውቀው የልጃገረድ ሳቅ። እግሯ ቆመ። ትንሽ ዘንበል ብትል እያንዳንዱ ቃል ይሰማት ነበር፤ ለብዙ ዓመት ማወቅ የፈለገችው ሁሉ በዚያ ስስ ግድግዳ ማዶ ይወራል።

ውሃውን ከአጥሩ ሥር ደፋችው። ባዶውን እንስራ መልሳ አዘለችና፣ ድምፅ ወደማይደርስበት ወደ ሩቁ ምንጭ ወረደች።